የተቀማጭ ሰው ጤናና የእንጦጦ አቀበት

ሰው በወጣትነቱ ዘመን ሰውነቱ እንደ ታማኝ ሎሌ ሳይታዘዝ ያገለግለዋል፤ ዕድሜው ከአርባ ሲያልፍ ግን ያው ሎሌ ደመወዙን የሚጠይቅ ሠራተኛ ይሆናል። የሚጠይቀውም ደመወዝ ምግብና ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ ሥራም ጭምር ነው። ሥራ ያልተሰጠው ጡንቻ እንዳልታረሰ መሬት ጠፍ ሆኖ ይቀራል። ስለ ሕፃናት አመጋገብ፥ ስለ ቤት ንጽሕና፥ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ይጻፋል፤ ቤቱን ስለሚያስተዳድሩት ስለ አባትና ስለ እናት ጉልበት ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ዕድሜያቸው ለገፋና በወንበር ላይ ለሚውሉ ሰዎች የእግር መንገድ፥ ይልቁንም የዳገት መንገድ፥ ምን እንደሚጠቅም ከደረሰብንና ከተማርነው ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነን። ሥራችን መዝገብ መክፈት፥ የችሎት ቃል መጻፍ፥ ቀጠሮ መመዝገብ፥ ለባለጉዳይም የውሳኔ ግልባጭ መስጠት ነው። ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል የተቀመጥን እንደ ሆነ ከምሳ በቀር እስከ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ አንነሣም፤ ብንነሣም መዝገብ ከመደርደሪያ ለማውረድ ያህል ነው። እጃችን ይሠራል፥ ዓይናችን ይሠራል፥ አሳባችንም ይሠራል፤ ከወገብ በታች ያለው አካላችን ግን የቀጠሮ ቀኑ እንዳልተነገረው ባለጉዳይ በደጅ ተቀምጦ ይውላል። እንዲህ ያለው ኑሮ የእኛ ብቻ አይደለም። የባንክ ሠራተኛው፥ መምህሩ፥ ባለሱቁ፥ መኪና ነጂውና ልብስ ሰፊው ሁሉ ከዚሁ ማኅበር ናቸው።

መቀመጥ ሰውን እንደሚጎዳ ሐኪሞች በምርመራ ካረጋገጡ ብዙ ዘመን ሆኗል። በእንግሊዝ አገር ጄሬሚ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የለንደንን የሕዝብ አውቶቡስ ሠራተኞች መረመረ። አውቶቡሶቹ ባለ ሁለት ፎቅ ስለ ነበሩ ነጂው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል ቲኬት ቆራጩ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር። ሁለቱም በአንድ ከተማ የሚኖሩ፥ በአንድ መኪና የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የልብ ሕመም በተቀማጩ ነጂ ላይ በበለጠ ይገኝ ነበር። ደግሞ በፖስታ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እየዞሩ የሚያድሉትን በጠረጴዛ ከሚሠሩት ጸሐፊዎችና ከስልክ ሠራተኞች ጋር ቢያነጻጽር ነገሩ እንዲሁ ሆኖ አገኘው። ይህ ምርመራ በ1946 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1953፥ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ ስለ ፖስታ ቤቱ ጸሐፊ የተጻፈው ስለ እኛ የተጻፈ ሆኖ ተሰማን።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ልብ ራሱ ጡንቻ ስለ ሆነ እንደ ሌላው ጡንቻ በሥራ ይበረታል። ሰው በሚራመድበት ጊዜ የባቱ ጡንቻ በተጨበጠና በተፈታ ቁጥር በእግር የወረደውን ደም ወደ ላይ እየገፋ ልብን ያግዛል፤ ተቀምጦ ሲውል ግን ይህ እርዳታ ይቀራል። ደግሞም የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳርን እየወሰደ ያነደዋል፤ ስለዚህ መራመድ የስኳር በሽታን ለመከላከልም ሆነ ለያዘው ሰው ጠቃሚ ነው። ሰው ከ30 ዓመት ዕድሜው በኋላ የማይሠራበት እንደ ሆነ በየ10 ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጣ ሐኪሞች ይናገራሉ። ይህ ጉድለት በአንድ ቀን አይታይም። ሰው ከወንበሩ ለመነሣት በእጁ መደገፍ ሲጀምር፥ ደረጃ ሲወጣም ንግግሩን ሲያቋርጥ ያን ጊዜ ይታያል።

እኛን ወደ ዳገት ያወጣን ግን የመጽሔት ንባብ አይደለም። ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል 11 ዓመት የሠራ አንድ ወንድማችን በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲጽፍ ብዕሩ ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሣውም ቢል ቀኝ እጁ አልታዘዘውም። ደም ግፊቱ አንጎሉን መትቶት ኖሮ በ5ኛው ቀን ዐረፈ። ዕድሜው 47 ነበረ። ከቀብሩ በኋላ በእጁ የነበሩት መዝገቦች ለ3 ጸሐፊዎች ተከፋፈሉ፤ አንድም ቀጠሮ አልተላለፈም፥ አንድም ባለጉዳይ አልተጉላላም። የመንግሥት ሥራ እንዲህ ነው፤ እንዲህም መሆን ይገባዋል። ለ9 ዓመት ሴት ልጁ ግን አባቷን የሚተካ ጸሐፊ አልተገኘላትም። በዕለተ ሠልስቱ ልጅቱ የአባቷን ጫማ አውጥታ ስትወለውል አየናት፤ ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

በዚያው ወር ወደ ሐኪም ሄደን ተመረመርን። የደም ግፊታችን 150 በ95 ሆኖ ተገኘ፤ በሐኪሞች ዘንድ 140 በ90 ከደረሰ ጀምሮ ከፍተኛ ይባላል። ዕድሜያችን ያን ጊዜ 41 ነበረ። ሐኪሙም መድኃኒት ካዘዘልን በኋላ፥ «ክኒኑን እኔ አዝልዎታለሁ፤ እርምጃውን ግን ራስዎ ካልተራመዱት ማንም ሊራመድልዎ አይችልም» አለን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ባለቤታችን ይህን ቃል ሰምታ፥ «እንግዲያስ እንጦጦ ምን አደረገ? በየቀኑ በመስኮት ከምናየው አንድ ቀን እንውጣው» አለች። መንገዱን የጀመርነው በዚህ ነገር ነው።

ከዳገቱ ይልቅ ያስቸገረን ይሉኝታ ነበረ። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ጌታ በበቅሎ፥ ሎሌ በእግር ይሄድ ስለ ነበረ የእግር መንገድ የድኻ ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በቅሎው ዛሬ በመኪና ተተካ እንጂ አሳቡ አልተለወጠም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በእግራችን ስንወጣ አንድ ጎረቤታችን መኪናውን አቁሞ፥ «ጋሼ፥ ምነው በደኅና? ይግቡ እንጂ ላድርስዎ» አለን። «እግዜር ይስጥልን፤ በእግራችን ልንሄድ ነው የወጣነው» ብንለው፥ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለን። «ወዴትም አይደለም፤ ወጥተን ልንመለስ ነው» አልነው። እርሱም ባለቤታችንንና እኛን አንድ ጊዜ በትካዜ ተመልክቶ፥ «በቤት ሁሉ ሰላም ነው አይደል?» ብሎ ሄደ። በማግሥቱ ባለቤቱ በቤታችን ምን ችግር እንደ ደረሰ ልትጠይቅ ቡና ይዛ መጣች። በሦስተኛው ወር ግን ያው ጎረቤታችን፥ «ጋሼ፥ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» ብሎ ጠየቀን።

ነገሩን በጥቂቱ ላሰበው ሰው ግን መራመድ በአገራችን የክብር ሥራም ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ቅኔ ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር፥ ከጎንደር ወደ ወሎ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሊቃውንቱም ይህን መንገድ ከትምህርቱ ለይተው አያዩትም ነበር። እኛም በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን በበዓል ዋዜማ መቋሚያ ይዘን ሌሊቱን ሙሉ ቆመን እናድር ነበር፤ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ጠዋት ወደ ክፍል ከመግባታችን በፊት በሜዳ ላይ ተሰልፈን ሰውነታችንን እናፍታታ ነበር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በብዙ ነገር የማይስማሙ ሲሆኑ ሰነፍ ሰውነት ለትምህርት አይመችም በማለት ግን ይስማሙ ነበር።

እንጦጦን ስለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ቃል እንጨምራለን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ ተራራ ላይ በሚገኘው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ መንግሥቱ በተራራው ላይ ሳለ እቴጌ ጣይቱ ከግርጌ ያለውን ፍል ውሃ ወድደው በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙአት። እንግዲህ ይህች ከተማ የተወለደችው ሰዎች ከተራራ ወደ ሜዳ በመውረዳቸው ነው። ከዚያም በኋላ ማገዶ እየጠፋ ሄዶ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበረ፥ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍም በፍጥነት አድጎ ከተማይቱን በስፍራዋ እንዳጸናት ታሪክ ይናገራል። ዛሬ በእንጦጦ ላይ የሚሸተን ሽታ የዚሁ ዛፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን መንገድ ተሠርቶለታል።

የከተማይቱ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ሲሆን የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ በዳገቱ ላይ ትንፋሽ ቢያጥር ሰውየው ታሟል ማለት አይደለም፤ ልቡና ሳንባው የጎደለውን ለመሙላት እየሠሩ ነው። ታላላቅ ሯጮቻችን እንጦጦን የመለማመጃ ስፍራ ያደረጉትም ስለዚሁ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ከሩጫ ጋር አይደለም፤ ስለ እርምጃ ነው።

አካሄዳችን እንዲህ ነበረ። በመጀመሪያው ወር በሳምንት 3 ቀን ለ20 ደቂቃ ያህል በሜዳ ላይ ብቻ ሄድን። በሁለተኛው ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ሽሮ ሜዳ ወጣን፤ በዚያም የሸማ ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ሲከፍቱ እያየን ዐርፈን ተመለስን። በሦስተኛው ወር ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የዳገቱን እኩሌታ ወጣን። እንጦጦ ማርያም የደረስነው በአምስተኛው ወር ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀብን። ከዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ በ1 ሰዓት ከሩብ ወጣነው። ከዚህ የበለጠ ልናፈጥነው አልፈለግንም። መለኪያችን ሰዓት ሳይሆን ንግግር ነበር፤ ይኸውም ጎን ለጎን ስንሄድ አንድ ሙሉ ቃል ሳናቋርጥ ለመናገር ከቻልን መጠኑ ደኅና ነው፤ ለመናገር ካልቻልን እርምጃችንን እናዘገያለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ልጆች ሳለን ሁላችን ሰምተነዋል፤ ትርጓሜው የገባን ግን በዳገት ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ ወደ ላይ ስንወጣ ከዱር ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በየጠዋቱ ይገጥሙን ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በገመድ አስረው በጀርባቸው ተሸክመዋል፤ ሸክሙ ከተሸካሚዋ ቁመት በላይ ወደ ጎን ረዝሞ መንገዱን ይሞላዋል፤ ፊታቸው ወደ መሬት ነው። እኛ ስብ ልናራግፍ ወደ ላይ እንወጣለን፤ እነርሱ እንጀራ ሊያገኙ ወደ ታች ይወርዳሉ። መንገድ ለቅቀን ዳር እንቆም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አንዲት እናት ሸክማቸውን በድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘናቸው። «እናቴ፥ እንደምን አደሩ? ይህን ሁሉ ተሸክመው እንዴት አይደክምዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ መድከምስ ይደክመኛል። ግን የማርፈው ሳይደክመኝ ነው፤ ከደከመኝ በኋላ ባርፍ አልነሣም። ደግሞ ስወርድ እግሬ የሚያርፍበትን ሳላይ አልራመድም፤ ሰው የሚወድቀው በቁልቁለት ነው» አሉን። ቀጥለውም፥ «አንተስ ምን ልትሸከም ትወጣለህ?» ብለው ጠየቁን። «ምንም አልሸከም፤ ሐኪም ለጤናህ ዳገት ውጣ ብሎኝ ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁና፥ «እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥህ፤ የእኔን ጤና የወሰደው ግን ይኸው ዳገት ነው» ብለው ገመዱን በደረታቸው አጥብቀው ተነሡ።

ይህን ቃል ብዙ ቀን አሰብንበት። ስለ ጤና የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ዳገት መውጣት ለልብ መልካም ነው ይላል፤ ቃሉም እውነት ነው። ነገር ግን መንገዱ አንድ ሲሆን ሸክሙ አንድ አይደለም። እኛ ቁርስ በልተን፥ ጫማ አድርገን፥ በሳምንት አንድ ቀን ወጥተን፥ ሲበቃን ተመልሰን እናርፋለን። እርሳቸው ግን ቢደክማቸውም ባይደክማቸውም፥ ቢበሉም ባይበሉም በማግሥቱ ይወጣሉ። ሥራ ሰውነትን የሚያበረታው ምግብና ዕረፍት ሲከተለው ነው፤ እነዚህ ከጎደሉ ያው ሥራ ወገብን ያጎብጣል። እንግዲህ በጤናችን የምናገኘው ብርታት የጉልበታችን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የኑሮአችንም ስጦታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ስለ ዳገቱ ቢያደንቁን በዚያ ዳገት ላይ ከእኛ የበረቱ እንዳሉ እንነግራቸዋለን፤ በቤታችንም ለበዓል ማገዶ ሲገዛ በዋጋ አንከራከርም። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ የእኚያን እናት ሸክም በአንድ ጭራሮ እንኳ አላቀለለም። ነገር ግን መንገድ የሚያስተምረው የእግርን ነገር ብቻ አለመሆኑን ከእርሳቸው ስለ ተማርን ሳንጽፈው ልናልፍ አልወደድንም።

የምክራቸው ፍሬ ለጤና ተጓዥም ይጠቅማል። ወደ ላይ መውጣት ልብንና ሳንባን ያሠራል፤ ወደ ታች መውረድ ግን ጭንንና ጉልበትን ይፈትናል። በቁልቁለት የጭን ጡንቻ እየተሳበ ሰውነትን ስለሚይዝ ሕመሙ በዕለቱ ሳይሆን በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ራሱ ይለቃል። ስለዚህ እርምጃን ማሳጠር፥ ጉልበትን ጥቂት ማጠፍ፥ ከዘራ ወይም ምርኩዝ መያዝ ይገባል። ሽማግሌዎቻችን ከዘራ የሚይዙት ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ተረድተናል።

ዳገቱ በቤታችን ያመጣው ጥቅም በሐኪም መለኪያ ብቻ የሚታይ አልሆነም። ከዓመት በኋላ የደም ግፊታችን 132 በ84 ሆነ፤ ሆኖም ሐኪሙ መድኃኒቱን በራሳችን ፈቃድ እንዳናቋርጥ አስጠንቅቆናል፥ እኛም አላቋረጥንም። እንቅልፋችን ተስተካከለ፤ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ሳናርፍ እንወጣለን። ከዚህ ሁሉ የበለጠው ግን ከባለቤታችን ጋር መነጋገር መቻላችን ነው። በቤት ውስጥ እንግዳ አለ፥ ቴሌቪዥን አለ፥ ስልክ አለ፥ የልጆች ጥያቄ አለ፤ ባልና ሚስት በአንድ ማዕድ እየበሉ የልባቸውን ሳይጫወቱ ሳምንቱ ያልፋል። በዳገት ላይ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየሄደ ፊት ለፊት ሳይተያይ ሲነጋገር ከባዱ ነገር ይቀላል። ስለ ቤት ኪራዩ፥ ስለ እናታችን መታመም፥ ልጃችን ትምህርቷን ስለ መጥላቷ የተማከርነው በዚያ መንገድ ላይ ነው። በኋላ ልጃችንም በ13 ዓመቷ ተከትላን መውጣት ጀመረች፤ እየቀደመችን ትሄድና በመታጠፊያው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች።

ከአርባ በኋላ ሰውነት አይታዘዝም ለሚሉ አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንንገራቸው። የክብር ዘበኛው ወታደር ማሞ ወልዴ በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ ማራቶን አንደኛ ሲወጣ ዕድሜው 36 ነበረ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ከተማ በ40 ዓመቱ እንደ ገና ሮጦ ሦስተኛ ሆነና የነሐስ ሜዳይ ተሸለመ። እኛ ተራ ሰዎች ከማሞ ጋር የምንወዳደር አይደለንም፤ ነገር ግን 40 ዓመት የመቀመጫ ዕድሜ አለመሆኑን ከእርሱ እንማራለን።

ለጀማሪ የሚያስፈልገውን ባጭሩ እንጻፍ። በመጀመሪያ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው፥ ይልቁንም የደም ግፊት፥ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፥ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። ሲወጣ ደረቱን ቢጨንቀው፥ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ቢሄድ፥ ወይም ራሱን ቢያዞረው ወዲያው ያቁምና ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ይለፍልኝ ብሎ አይጠብቅ። ሁለተኛ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚሆን መጠነኛ እንቅስቃሴ ይበቃል ብሏል፤ ይህም በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ መራመድ ማለት ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ዳገት የሰኞንና የረቡዕን የሜዳ እርምጃ አያስቀርም። ሦስተኛ፥ ጫማው አዲስና የሚያምር ከሚሆን ይልቅ እግር የለመደው፥ ሶሉም የማያንሸራትት ይሁን። አራተኛ፥ ውሃ መያዝ፥ ራስንም ከፀሐይ መሸፈን አይረሳ፤ በተራራ ላይ ብርዱ ቢያታልልም ፀሐዩ ይበረታል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ረጅሙን መንገድ ለሌላ ቀን አቆይቶ አጭሩን ይሂድ። አምስተኛ፥ በክረምት ቀዩ አፈር ስለሚያንሸራትት በተሠራው መንገድ መሄድ ይሻላል። ስድስተኛ፥ በእንጦጦ ጅብ ስላለ ሳይነጋ ወይም ከመሸ በኋላ አይወጣም፤ ቀንም ቢሆን ከባልንጀራ ጋር መሄድ መልካም ነው። በዳገት ሊሄድ የማይችል ሰው በሰፈሩ ሜዳ ቢራመድ ጥቅሙን አያጣም።

ሰው ለልጆቹ ቤት ሊሠራላቸው፥ ገንዘብ ሊያስቀምጥላቸው፥ ሊያስተምራቸውም ይደክማል፤ ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ያው በወንበር ላይ የተረሳው ሰውነቱ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ምትክ ይገኝለታል፤ ለቤቱ ግን ምትክ የለውም። ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ያለ እንጂ በእግር መንገድ የሚገዛ አይደለም፤ የተሰጠንን ዕድሜ በጉልበት መኖር ግን በከፊል ለእኛ የተተወ ነው። አንባብያን ሆይ፥ በሚመጣው ቅዳሜ መኪናችሁን በደጅ አቁማችሁ፥ የቤታችሁን ሰው አስከትላችሁ፥ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ዳገት ጥቂት ውጡ። ሸክም የያዘ ሰው ቢገጥማችሁም መንገድ ልቀቁለት። እግዚአብሔር ለሁላችንም ጤናና የጸና ጉልበት ይስጠን።